በማርያም ቀን የዞረው

የእኔ ባል አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ካላወቀ እህል አይወርድለትም ነበር። ሌላው ሰው ዶሮ ሲጮህ ሰምቶ «ነጋ» ይላል፤ እሱ «ዶሮው በምን አወቀ?» ይላል። እኔም ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁምና ቤታችን ነጋ ጠባ ጥያቄ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ስላደግሁ ምላሴ ዛሬም አልዶለዶመም።

እሱን ያወቅሁት የአባቴ የልብስ ስፌት መኪና ተበላሽታ ሦስት ሰው «አበቃላት» ካላት በኋላ ነው። ለካሚዮን ሾፌር ረዳት ሆኖ የሚሠራ ረጅም ቀጭን ሰው መጣ። መኪናዋን ገለበጣት፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ በእጁ አንዴ አዞራትና አዳመጠ፣ ደግሞ አዞራትና አዳመጠ። በመጨረሻ በአንድ ምስማርና በጥቂት ቅባት አስነሣት። «ምን ሆና ነው?» አልሁት። «እኔም እሱን እየጠየቅኋት ነው» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ወንድ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። በዓመቱ ተጋባን።

የወሰደኝ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ለዘንገና ሐይቅ ከሚቀርብ መንደር፣ እናቱ ዘንድ ነው። እኔ አገውኛ አንድ ቃል አልሰማም። አማቴ ደግሞ አማርኛ ጥርት አድርገው ቢያውቁም የሚናገሩት ሲናደዱ ብቻ ነበር። እናም በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አማርኛ ሰማሁ። ክፉ ግን አልነበሩም። የፈሩት ነገር ነበራቸው። ባላቸው በአንድ የግዝት በዓል በሬ ጠምደው ወጥተው፣ በዚያው ሳምንት በረዶ ወርዶ የደረሰ እህል ከመሬት አጣበቀው። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፤ የመንደሩን ሁሉ። በእኛ አገር በበዓል የሠራ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል፣ በረዶው ደግሞ ማሳ አይመርጥም። አማቴ ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን ክር እንኳ አይበጥሱም ነበር።

ባሌ የሾፌር ረዳትነቱን ሲተው ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ዲናሞ ነው። ጣሊያን መንገድ ዳር ጥሎት ከሄደው ካሚዮን ላይ የፈታው፣ አንድ ትልቅ ቅል የሚያህል ከባድ ብረት። ሲሽከረከር መብራት ያወጣል። ካሚዮኑ ላይ ሞተር ያሽከረክረዋል፤ እዚህ ማን ያሽከርክረው? ከጓሯችን የሚወርደውን ጅረት እያየ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ የዋንዛ እንጨት እየጠረበ መንኮራኩር ይሠራ ጀመር። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ዞረ፣ ግን ከመንኮራኩሩ ወደ ዲናሞው እንዲያዞር የጠመጠመው ጠፍር ውኃ ሲነካው እየረዘመ ይወልቃል። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሰው «ያ ልጅ ጅረት ሲጠብቅ ዋለ» እያለ ይስቅ ነበር፤ እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፣ አልዋሽም። በኋላ ጠፍሩን ጣለና ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከጎማው ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቺንጋ ቆርጦ አሰረበት። ያዘ።

ቤታችን በቀንም ጨለማ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከምሰሶው የተንጠለጠለችው የካሚዮን አምፖል ቦግ ስትል አማቴ መጀመሪያ ያዩት መብራቱን አይደለም፤ ጣሪያውን ነው። ጥላሸቱ እንደ ጥቁር ጥጥ ተንጠልጥሏል። «ይህን ሁሉ ጉድ ተሸክሜ ነው የኖርሁት?» አሉ፣ በአማርኛ። ከዚያ መጥረጊያውን ለእኔ ሰጡኝ። የሥልጣኔ መጀመሪያ ለእኔ ያ ነበር፣ ጣሪያ መጥረግ።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው አዘና ደረሰ። ሰው በፈረስ እየመጣ አምፖሏን አይቶ ይሄዳል። ነገር የመጣው በእሑድ ነው። ውኃ እሑድ አያውቅምና መንኮራኩሩ ሲዞር ዋለ። ቄሰ ገበዙ፣ የደብራችንን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ድምፁን ሰምተው ቆሙ። ባሌን ጠርተው «ልጄ፣ ይህ ነገር ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» አሉት። እሱ መቼም ጥያቄ ይወዳል፤ ፊቱ በራ። «አባቴ፣ እኔ ተቀምጫለሁ። የሚሠራው ውኃው ነው። ውኃ ደግሞ እግዜር ሲፈጥረውም በሰንበት ይፈስሳል።» ቄሰ ገበዙ ጥቂት አሰቡ። «ውኃው ይፍሰስ። እንጨቱን ግን ፊቱ የገተርኸው አንተ ነህ» አሉት። እውነቱን ለመናገር መልሱ አጥጋቢ ነበር፤ ባሌም ወደ ቤት ሲመለስ «ልክ ናቸው» እያለ ነበር።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው በበዓል ቀን እንዳይዞር ማል አሉት። ማለ። ዋስ ጥራ አሉት። ከወንዶቹ አንድም ሰው አልተነሣም፣ በረዶ ቢመጣ ማን ይጠየቃል? አማቴ ከሴቶች መካከል ብድግ ብለው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩና ተቀመጡ። አጠገቤ ያለችዋን ምን አሉ ብላት «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ከዞረ ከሰንበቴው አስወጡኝ ነው የሚሉት» አለችኝ። ሰንበቴ ማለት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራ ገብተው ዳቦና ጠላ እያቀረቡ በአንድነት የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቀብር እሱ ነው። ለአማቴ ከዚያ በላይ ሀብት አልነበራቸውም። ባሌን ዞር ብዬ ሳየው አንገቱን ደፍቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት ግማሹ የእኔ ነው። በበዓል ጠዋት ጠዋት ቦዩን በሳንቃ ይዘጋዋል፣ መንኮራኩሩ ይቆማል፣ ቤቱ ይጨልማል። በዓል ደግሞ በእኛ አገር ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሥራ ቀኑ ነው የሚቆጠረው። እኔም አፌ አያርፍ፤ «እንግዳ በሚመጣበት ቀን የሚጠፋ መብራት ምን ይሉታል? ሰርግ ሲሆን እንደሚታመም ሙሽራ ነው» አልሁት። ቃሌ ገባው። ዳንግላ ወርዶ ከድሮው ሾፌር ዘንድ አንድ የሞተ የካሚዮን ባትሪ ይዞ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ እንደ በሽተኛ አስታመመው። በላዩ ስድስት ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ውስጡ ሲጎድል በክረምቱ ከጣሪያ ያጠራቀምነውን የዝናብ ውኃ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ሾፌሩ «የዝናብ ካልሆነ ሌላ ውኃ እንዳታስነካው፣ የወንዝ ውኃ ይገድለዋል» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ይህን ቃል በቤት ውስጥ መቶ ጊዜ ስለደገመው እኔም አማቴም በቃላችን ይዘነዋል።

ባትሪው ነፍስ ዘራ፤ በሽቦ ከዲናሞው ጋር አያያዘው። መንኮራኩሩ በሥራ ቀን ሲዞር ይጠግባል፣ በበዓል ቀን ያንን እየመነዘረ አምፖሏን ያበራል። ይህስ ሥራ አይደለም ወይ ብለን ተጨነቅን። የፈረዱት አማቴ ናቸው። «ዓርብ የተጋገረ ዳቦ እሑድ ይበላ የለም? ይህም ዓርብ የተጋገረ ነው» አሉ። ቄሰ ገበዙ ይህን ሲሰሙ ሳቁና ፈቀዱ።

እንግዲህ አስተርእዮ ማርያም፣ የጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ባትሪው የሚፈተንበት የመጀመሪያው በዓል ሆነ። ባሌ ገና ሲነጋ ተነሥቶ ሳንቃውን ደፋ፤ ውኃው ተመለሰ፤ መንኮራኩሩ ለመቆም ተንቀራፈፈ። የእናቱ ዋስትና ስላሳሰበው ከታዘዘው በላይ ተጠነቀቀ። ቺንጋውንም አወለቀው፣ ዲናሞው ከመንኮራኩሩ ጋር ምንም እንዳይነካካ። ቺንጋው ሲወልቅ ዲናሞው ገና እየዞረ ነበር። «እንዝርትም ሲለቁት ጥቂት ይሾራል» ብሎ አሰበ። ደወል ተደወለ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሮጠ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙና አምስት ስድስት ሽማግሌዎች እኛ ዘንድ መጡ፤ አማቴ ጠምቀው ነበር። ደግሞም መቆሙን ማየት ፈልገዋል። ቦዩ ደርቋል። መንኮራኩሩ እንደ ሬሳ ዝም ብሏል። ከጎኑ ግን ያች ትንሿ የዲናሞ ክብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ቺንጋ፣ ያለ ሰው እጅ፣ ብቻዋን እያፏጨች ትዞራለች።

ማንም አልጮኸም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አወጡና በስመ አብ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። አማቴ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ባሌስ? ባሌ ፈገግ አለ። ሳያውቀው ነው፤ ተንበርክኮ አንገቱን እያዟዟረ፣ ልጅ ሕፃን ወንድሙን ሲያይ እንደሚያየው ያያት ነበር። ያችን ፈገግታ ሁሉም አዩበት። ያስፈረደበት ዲናሞው አይመስለኝም፣ ፈገግታው ነው።

እጁን ወደ ሽቦው ሲዘረጋ ቄሰ ገበዙ «አትንካ፣ በዓል ነው» አሉት። እጁን ሰበሰበ። እናም ሁላችንም ቆመን ማየት ሆነ። ጠላው ቤት ውስጥ ይጠብቃል፣ ሰው ውጭ ቆሟል። ክቧ ቀስ በቀስ ድምፅዋ እየሳሳ፣ እየተንቀራፈፈች፣ ወደ ቀትር ገደማ ሁለቴ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀምሱ ሄዱ። አማቴ የጠመቁት ጠላ ጋኑ ውስጥ ሆመጠጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ተፈረደ። መንኮራኩሩ ይቁም። ዋሷም እንደ ቃላቸው ከሰንበቴው ይውጡ። አንዳንዶቹ ለዘለዓለም ይሁን አሉ። ቄሰ ገበዙ ግን፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ እንደ ባሌ ያለ ዓመል ነበራቸው፤ ነገር ሳያጣሩ መተው አይችሉም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ማን እንዳዞረው እስኪታወቅ ይቆዩ። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ልጃቸው መጥቶ ያሳየን። ካላወቀ ግን እሳቸውም እንደወጡ ይቅሩ» ብለው ቆረጡ።

አማቴ ከዚያ በኋላም አንድ እሑድ አልቀሩም። ያስቀድሳሉ፣ ከዚያ ሌሎቹ ወደ ሰንበቴው ቤት ሲገቡ እሳቸው ከውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ውስጥ ሲመረቅ ውጭ ሆነው አሜን ይላሉ። ልጃቸው ይህን እያየ ይመለሳል። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር፤ እኔ እንኳ «ይስደቡንና ይውጣልን» ብያቸዋለሁ። «ምን ብዬ ልስደበው፣ እኔ ራሴ ያችን ክብ ማየቴን አልተውሁም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ማን አዞረው? ዲናሞውን ፈትቶ ወደ ቤት አስገባው። ለእኔ በድብቅ የነገረኝ ነገር አለ፤ እሱም ሰይጣን ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሁለት ጠዋት ጠበል ተጠምቋል። ተጠምቆ ሲመለስ ግን ሽቦውን መልሶ ይዞ ይቀመጣል፣ ሰይጣንም ቢሆን እንዴት አድርጎ እንዳዞረው ማወቅ አለበት። ባትሪውን ዳንግላ ልኮ በሾፌሩ ካሚዮን አስሞላው። መጀመሪያ አምፖሏን አገናኘ፣ በራች። ከዚያ ዲናሞውን አገናኘ፣ ክቧ ዞረች። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቤታችን መካከል። ይዞራል፤ ግን ማን ነው የሚያዞረው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ያየሁት እኔ ነኝ። እሱ ዓይኑን ከክቧ አይነቅልም፤ እኔ ደግሞ በአምፖሏ ብርሃን ምስር እለቅም ነበር። ክቧ ስትዞር ምስሩ ይጨልምብኛል፤ ክቧ ስትቆም ይበራልኛል። «አንተ፣ ይህ ነገርህ የአምፖሏን ምግብ ነው የሚበላው» አልሁት። ቀና አለ። ሽቦውን ነካ፣ አምፖሏ ፈዘዘች። ፈታ፣ ቦግ አለች። ነካ፣ ፈታ፣ ነካ፣ ፈታ። ምስሬን ትቼ ሳየው እንባው ይወርዳል። ዲናሞው ሲያዞሩት መብራት ይሰጣል፤ መብራት ሲሰጡት ደግሞ ይዞራል። ያን ጠዋት ቺንጋውን ፈትቶ ሽቦውን ሳይፈታ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሄደው። ቀደም ብሎ በሌላ አገር ስንት ሰው ይህን እንዳወቀው እኛ ምን እናውቃለን። በዚያች ጎጆ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ ምስር የምትለቅመዋ ደግሞ ሁለተኛዋ።

ሲነካና ሲፈታ ባትሪው ደከመ። ሐሙሱ ሲቃረብ እንደገና ለማስሞላት ዳንግላ ወረድን፣ እኔም ወላጆቼን ልይ ብዬ ተከተልሁት። ተሞላልን። ከሾፌሩ ግቢ ወደ ካሚዮን መቆሚያው በጋሪ ስንሄድ ባትሪውን እኔ በጉልበቴ ይዤ ነበር። የጋሪው እግር ጉድጓድ ገባ፤ ባትሪው በነጠላዬ ላይ ተደፋ። መጀመሪያ ውኃ መስሎኝ አልተቆጣሁም። እንጅባራ ስንደርስ ነጠላዬ ወንፊት ሆኗል። አሲድ እንደሚባል፣ ጨርቅ እንደሚበላ የነገረኝ ያኔ ነው። «አዲስ ነጠላዬን!» ብዬ ተነሣሁበት፣ ሰው እስኪሰበሰብ። እሱ ግን የሚያየው ነጠላዬን አልነበረም። የባትሪውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እየከፈተ ያያል። ግማሹ ፈስሷል።

ቤት ገብቶ ዲናሞውን አገናኘው። ዝም አለ። አንዴ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ የነገረው መድኃኒት አንድ ነው፣ የዝናብ ውኃ። ያጠራቀምነው አልቋል። ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ያ ዓመት ደግሞ ደመናው ይመጣና እያሾፈብን ይመለሳል። ሰኞ ሰማይ እያየ ዋለ። ማክሰኞም ዋለ። «የወንዝ ውኃ ብታደርግበትስ?» ስለው «ይሞታል» አለኝ፣ እንደዚያ ብሎ ሲመልስልኝ የመጀመሪያው ነበር፣ ጥያቄ የሌለበት መልስ። ረቡዕ ጠዋት ቄሰ ገበዙን ዝናብ እስኪጥል ቀን እንዲሰጡት ሊለምን ሄደ። «ሐሙስ ብለናል» ብለው መለሱት።

እሱ እዚያ ሳለ ነው። እንስራዬን ሞልቼ ከጅረቱ ስመለስ አማቴ ከባትሪው ፊት በርከክ ብለዋል። ከጎናቸው ቅል አለ፣ ከማርያም ጠበል የሚቀዱበት ቅል። በማንቆርቆሪያ አፍ፣ በየቀዳዳው፣ በአገውኛ እየጸለዩ ቀስ እያሉ ያንቆረቁራሉ። እንስራውን እንደተሸከምሁ ቆምሁ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? የሰማይ ውኃ ካልሆነ ይሞታል እያለ አልሰሙትም?»

ሳይደነግጡ ክዳኖቹን መለሱ። «ሰምቻለሁ። የሞተ ነገር ሁለት ጊዜ አይሞትም። ሰይጣን ካለበት ይለቀዋል፤ ከሌለበትም ውኃ ነው» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ማይልኝ፤ ለእሱ እንዳትነግሪ። ሰው ከሰማ ጠበሉ ነው ያዞረው ይላል፤ የልጄ ድካም ከንቱ ይሆናል።» ማልሁላቸው።

ሐሙስ ዕለት ባሌ ዲናሞውንና ባትሪውን በፈረስ ጭኖ ሲሄድ መልኩ የሚሰቀል ሰው መልክ ነበር። እንደማይሠራ ያውቃል። የሚናገረውን ሲያጠና ሰምቼዋለሁ፤ «ዝናብ እስኪጥል» የምትለዋ ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቧል። አማቴ ከሁሉም ራቅ ብለው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ማን እንዳዞረው ንገረን» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ባሌ ያጠናውን ንግግር ጀመረና ተወው። ከዚያ የሆነውን አላውቅም፣ ምናልባት ከመናገር መሞከር ይሻላል ብሎ፣ ሽቦውን አንሥቶ ለቄሰ ገበዙ ሰጣቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ እዚህች ጋ ይንኩ» አላቸው። ሽማግሌው አመነቱ። መስቀላቸውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ነኩት።

ዞረ። እያፏጨ ዞረ። ከሁሉ ሰው ይበልጥ የደነገጠው ባሌ ነው።

ቄሰ ገበዙ እጃቸውን አነሡ፤ ቆመ። ነኩ፤ ዞረ። መስቀሉን ለሌላ ሰው አስያዙና እጅጌያቸውን ሰብስበው ይነኩና ያነሡ ጀመር። ስንት ጊዜ እንደነኩት እንጃ፣ ሰው ሰለቸው እሳቸው አልሰለቻቸውም። በኋላ ቀና ብለው «አሁን ማን ነው ያዞረው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት አባቴ።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«እኔ ነኝ። ሽቦውን ሳልፈታ ሄድሁ። ሰይጣን አይደለም፣ መርሳት ነው» አላቸው።

ቄሰ ገበዙ ሽቦውን አስቀመጡና ራቅ ብለው ወደ ተቀመጡት ሴት ሄዱ። «ይግቡ» አሏቸው። ሆሳዕና ዕለት አማቴ ዘንባባቸውን በጣታቸው አስረው ከሰንበቴው ቤት ገቡ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሁለተኛ ተቀምጠው አላየኋቸውም።

መንኮራኩሩም ተፈቀደለት፣ በበዓል ሳንቃው እንዲደፋ፣ ሽቦውም እንዲፈታ። ባትሪው ግን ፋሲካን ሳይሻገር ሞተ፤ ጠበሉም የምድር ውኃ ነውና። ባሌ በኋላ ዳንግላ ወርደን ስንኖር ስንት ነገር ሠራ፤ ወፍጮ አስነሣ፣ ራዲዮ ጠገነ፣ ከከተማው መብራት ጋር ተጣላም ታረቀም። መኪና የተማረ ሰው ባገኘ ቁጥር ግን የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ግማሹ የፈሰሰ ባትሪ፣ ማክሰኞ ሞቶ የዋለ፣ ሐሙስ እንዴት ይነሣል? «አንድ ሰው ውኃ ሞልቶበት ይሆናል» ይሉታል። «ማን?» ይላል። እኔን አንዴ ጠይቆኛል፤ እኔ አይደለሁም አልሁት፣ እሱም እውነት ነው። እናቱን አልጠየቀም። «እማ ያንን ዕቃ ትፈራው ነበር፣ አጠገቡም አትደርስ» ይል ነበር።

አማቴ ካረፉም በኋላ መሐላዬን ጠበቅሁ። ባሌ አርጅቶ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ አልጋ ላይ ሲውል አንድ ከሰዓት በኋላ «ሁሉን ነገር አወቅሁ አልልም፣ ያችን ሐሙስ ግን ሳላውቃት መሄዴ ነው» አለ። አንጀቴ አልቻለም። እማማ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ነገርሁት፤ ቅሉን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ጸሎቱን፣ ያሉትንም ቃል።

ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ከዚያ «ስድስቱንም ቀዳዳ?» አለኝ።

«ስድስቱንም።»

«እስከ የት?»

«ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው።»

«ልክ ነው። እንደዚያ ነው የሚሞላው። ማን አሳያት?»

«ማን ያሳያቸዋል? አንተን እያዩ ነዋ። ሦስት ወር ሙሉ ባትሪውን ስታስታምም ከኋላህ ቆመው ያዩህ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ያችን ቀዳዳ ነጠላዬን ለብሼ ነበር፤ ዓይኑን እንዲጠርግ ጫፏን ሰጠሁት።